በሽማግሌው በረንዳ ላይ ያገኘኋት ሴት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ስንኖር ነው። ባሌን ከረሳሁት ቆየሁ፤ የሽማግሌውን ነገር ግን እስካሁን ከሆዴ ማውጣት አልቻልኩም።

ባሌ እንድሪስ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። እዚያው ቤት ተከራይቶ ስለሚያድር ወደ ደሴ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ ፈረቃ በዛብኝ አለ፤ ቀጥሎ የማኅበር ስብሰባ አለብኝ አለ። ሲመጣም አያናግረኝም። ልጅ አልወለድኩለትም ነበርና ጥፋቱን ከራሴ ላይ ፈለግሁ።

በሰፈራችን ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ አንድ ሽማግሌ ሀጂ ነበሩ። ትዳሩ የታመመበት ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። እኔም ሄድኩ። ለእናቴ ያልነገርኩትን፣ ፅንስ የወረደብኝን ሳይቀር፣ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ፣ እኔ እመክረዋለሁ። አንቺ ብቻ ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ" አሉኝ። ዱዓም አደረጉልኝ። ከዚያ በኋላ ሆድ በባሰኝ ቁጥር እሳቸው ጋ ነበር የምሮጠው።

አንድ ጁምዓ ስሄድ ከመስጊድ አልተመለሱም። በረንዳው ላይ ሕፃን የታቀፈች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት አለችኝ። እየጠበቅን መጫወት ጀመርን።

"ባሌ እየጠፋ አስቸገረኝ" አለች። "ደሴ የታመመች እህት አለችኝ እያለ ይወጣና ሁለት ሦስት ቀን ይቀራል። ሀጂ እንዲመክሩልኝ ነው። አባት ስለሌለኝ ወኪል ሆነው የዳሩኝ እሳቸው ናቸው።"

ምን እንዳስጠየቀኝ አላውቅም፤ "እህቱ ማን ትባላለች?" አልኳት።

"ዘሃራ።"

ዘሃራ እኔ ነኝ።

ሕፃኑን አየሁት። ቁርጥ እንድሪስን።

"ባልሽ እንድሪስ ነው?" ስላት ገባት። ልጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "ወላሂ አላውቅም ነበር" ብላ አለቀሰች።

ሀጂ ሲገቡ ጎን ለጎን ተቀምጠን አገኙን። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ቆሙ።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ቤትሽ እንዳይፈርስ ብዬ እኮ ነው። አሁንም ሶብር አድርጊ።"

"እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ" አለች ልጅቱ።

እኔም ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ከእንድሪስ ጋር ተፋታን። እሱ እንኳ ሸሸኝ እንጂ እንደ እሳቸው ቁጭ ብሎ ለቅሶዬን አላዳመጠም። ሀጂ ግን ልጅ አጣሁ ብዬ ሳለቅስ፣ የእሱ ልጅ ኮምቦልቻ መወለዱን እያወቁ "አላህ ይስጥሽ" ይሉኝ ነበር። ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

በቀደም የእህቴ ልጅ ከባሏ ጋር የትዳር አማካሪ እየፈለጉ መሆናቸውን ነገረችኝ።

"ጥሩ ነው፣ ሂዱ" አልኳት። "ብቻ የባልሽን ምስጢር ከአንቺ በፊት የሚያውቅ ሰው እንዳይሆን።"

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።