ጀርባ ለጀርባ

ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣችው ፈታኝ፣ አብረዋት የሚፈትኑትን ሽማግሌ የእንግሊዝኛ መምህር በዓይኗ ትከተላለች። የኮታቸው ኪስ በጠመኔ ነጥቷል።

«እነዚህን ልጆች ታች ክፍል ሳሉ ጀርባ ለጀርባ አቆማቸው ነበር» ብለው ሹክ አሏት። «እጃቸውን እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው በእንግሊዝኛ ሲደዋወሉ ክፍሉ ገበያ ነበር የሚመስለው! ምን ዋጋ አለው፣ ፈተናው የምርጫ ፊደል ማክበብ ብቻ ሆነና እኛም ማክበብ ማስተማር ጀመርን።»

የፈተናው ወረቀት ላይ የስልክ ንግግር ከምርጫዎቹ አክብበው የሚያሟሉበት ጥያቄ አለ። አንዲት ተማሪ እዚያ ስትደርስ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ጆሮዋ ወሰደች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል።

ፈታኟ፣ ልጅቷ ለሌላ ተማሪ መልስ የምትጠቁም መስሏት ብድግ ስትል ሽማግሌው ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ተያት ልጄ፣ ስልክ ላይ ናት።»