በአጎበር ውስጥ ያናገረችኝ ልጅ

የተወለድኩት ቢቸና ነው፤ ነርስ ሆኜ የተመደብኩት ግን ሞጣ። ሁለቱም ደጋ ስለሆኑ በልጅነቴ ወባን የማውቃት ቆላ ወርደው በተመለሱ ሰዎች መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። ከእሷ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘነው ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ከውጭ የሚመጣው እርዳታ ተቋርጦ የቤት ለቤት የኬሚካል ርጭቱ ቀረ። አጎበሩ ግን ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ታድሏል። መስቀል እንዳለፈ፣ የተሰጠው አጎበር መሰቀሉን ለማየት ከመጣች አንዲት የውጭ አገር ባለሙያ ጋር ወደ አባይ በረሃ ወረድን። መኪና የሚደርሰው እስከ ገደሉ አፋፍ ነው። ሾፌሩ እዚያ ቀረ፤ እኛ በእግር ቀጠልን።

መንደሩ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ውሻ አልጮኸብንም። በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ደጅ ላይ ግን አንድም ሰው የለም። ወደ መጀመሪያው ቤት ብቅ ብዬ አየሁ። ነጭ አጎበር ከጣሪያው እስከ መሬት ወርዷል፤ ውስጡ ሰዎች ተጋድመዋል። ቀጣዩም ቤት እንደዚያው። ነፋስ ሳይኖር አጎበሮቹ ይርገበገባሉ። የተኙት ሰዎች ስለሚንቀጠቀጡ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

"ሁሉም ሰቅለውታል" አለች እንግዳዋ በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ደስ ያላት አትመስልም ነበር።

መንደሩ በሙሉ ታሞ ነበር። ደም እየመረመርን መድኃኒት መስጠት ጀመርን። ወደ ዳር ስንደርስ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ወጡ።

"ልጄ፣ እባክህ ወዲህ ና። ሴት ልጄ ሰው እያነጋገረች ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም የለም" አሉኝ።

ወጣት ሴት ናት። አጎበሩን ስገልጠው ዓይኗ ፈጥጦ ጠበቀኝ። ገላዋ ይፋጃል። መርፌውን ሳዘጋጅ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝና፣

"መጣህ? ልብስህ እኮ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ምነው ሳትቀይር ገባህ?" አለችኝ።

ልብሴ ደረቅ ነበር።

እናቷ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። "ወንድሟ መስለሃት ነው። አባይ ወሰደው፤ አስከሬኑንም አላገኘን። እባክህ አዎ በላት፤ እሱን እንቢ አትለውም።"

"ምን እያለች ነው?" አለች እንግዳዋ።

"ትኩሳቱ ነው" አልኳት።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብዬ፣ "አዎ፣ መጥቻለሁ። ትንሽ ያምሻል፣ ቻይው" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ክንዴን ለቀቀች። ጭኗ ላይ ስወጋት ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ያረፈው ግን እኔ ላይ ሳይሆን ከትከሻዬ በስተኋላ ነበር።

መቆም የቻሉ ጎረቤቶች ተፈልገው በቃሬዛ አፋፉ ድረስ አወጧት። በመኪናችን ሞጣ ሆስፒታል አደረስናት፤ ዳነችም። ልጠይቃት ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቁጥብ ሆና በአክብሮት ሰላም አለችኝ። ከዚያም፣

"ያን ቀን ከኋላዎ የቆመው ወንድሜ ነበር አይደል?" አለች።

"ትኩሳት ብዙ ነገር ያሳያል።"

"እሱስ ልክ ነው። ግን እርስዎ ለምን ዞር አላሉም?"

እውነቷን ነው፤ በዚያች ሰዓት አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ማየት ፈርቼ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት እርዳታው ተለቆ ርጭቱ ተመለሰና ከረጪዎቹ ጋር ወረድኩ። እናትና ልጅ ግን ቆላውን ትተው ሞጣ ወጥተዋል። ጀርባው ላይ ታንኩን የተሸከመው ረጪ ባዶ ቤታቸው ደጅ ላይ ቆሞ፣

"ሰው የሌለበት ቤትም ይረጫል እንዴ?" ሲል ጠየቀኝ።

"እርጨው" አልኩት።

እሱ ገባ፤ እኔ ውጭ ሆኜ ጠበቅኩት።