ጭብጨባና ጭልፋ

መዳፍ ጎድጎድ ተደርጎ ሲጨበጨብ ድምፁ ይለያል፤ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ባለፈው እሁድ ኩሽና ሆኜ ያንን ድምፅ ከሳሎን ስሰማ፣ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር የነበረው የእናቴ አፓርትመንት ትዝ አለኝ።

ያኔ ኮሌጅ ልጨርስ ተቃርቤያለሁ። ዛሬ ባሌ የሆነው የዚምባብዌ ልጅ እናቱን ይዞ ሊያስተዋውቅ መጣ። እናቴ እሺ ካላለች ነገሩ ያበቃለት ነበር። እሷ ደግሞ «ከአፍሪካ ደቡብ ያሉት ሰዎች ሰው ይንቃሉ ይባላል» ስትል ነው የሰነበተችው። በእነሱ ቤት ደግሞ ከኬንያ በላይ ያለነው ሁሉ ሰሜነኞች ነን፤ ራሳችንን ከአፍሪካ የማንቆጥር ኩራተኞች። ልጁ ይህን ሰብዌይ ባቡር ውስጥ እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም።

የቀይ ወጡ ሽታ ሊፍቱ ድረስ ይጣራል። እናቴ ሰሃኑን ስታቀርብላቸው፣ እናቱ፣ የዛሬዋ አማቴ፣ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ቀስ ብለው አጨበጨቡ። የእናቴ ፊት ጥቁር አለ። በእኛ አገር ተጨብጭቦ የሚጠራው አስተናጋጅ ነዋ! ግን እንግዳ እንግዳ ነው፤ ጭልፋዋን አምጥታ ወጥ ጨመረችላቸው። አጨበጨቡ። ጨመረች። አሁንም አጨበጨቡ።

«በገዛ ቤቴ አስተናጋጅ አደረጉኝ አይደል? አላልኩሽም?» አለችኝ ኩሽና ገብታ። የጭብጨባውን ትርጉም እኔም አላወቅኩም፤ ልጁ እዚሁ ቶሮንቶ ያደገ ነው፣ ሲያጨበጭብ አይቼው አላውቅም። በቃ አለቀልኝ አልኩ።

እሳቸውም ለካ ለልጃቸው በጆሮው «ሰሜኖቹ ኩሩ ናቸው ሲባል እውነት ነው፤ ሴትዮዋ ተቆጥታለች፣ በምግብ ልትገድለኝ ነው» እያሉት ነበር። ኋላ ነው የነገረኝ።

እናቴ ለልጁም ሰሃን ሰጠችው። እናቱ በዓይናቸው ቆጣ ሲሉት እሱም እፍር እያለ አጨበጨበ።

«አንተም ትጠራኛለህ?» አለች እናቴ፣ ወገቧን ይዛ።

«ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ ማለት ነው! በእኛ ቤት ሳያጨበጭቡ ምግብ መቀበል ነውር ነው።»

እናቴ ምን መስሏት እንደነበር ለአማቴ ነገርኳቸው። ወጥ የተከመረበትን ሰሃናቸውን አዩና «ለካ ባመሰገንኩሽ ቁጥር የምትጨምሪልኝ ለዚህ ነው!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እናቴ ኮስተር ልትል ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ጭልፋዋን እንደያዘች ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

«እንዲህ የምታመሰግን አማት ከየት ታገኛለሽ?» አለችኝ በአማርኛ። እፎይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ። አማቴ ያጨበጭባሉ፣ እናቴ «አቤት እመቤቴ» እያለች ጭልፋ ይዛ ትመጣለች።

እናቴ ካረፈች በኋላ አማቴ እኛ ቤት ምግብ ሲቀርብላቸው አንገታቸውን ዝቅ በማድረግ ብቻ ነበር የሚያመሰግኑት። ባለፈው እሁድ ግን ባሌ ሰሃኑን ሲሰጣቸው እጃቸው ረሳ መሰለኝ፣ አጨበጨቡ። በበሩ አሾልቄ ሳይ ወደ ኩሽናው ቀና ብለው ይጠብቃሉ።

«አቤት እመቤቴ» ብዬ ጭልፋውን ይዤ ወጣሁ።