ለአዲሱ የተከመረ፣ ለነባሩ የተጠረገ

ነገሩ የደረሰብኝ ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ሰፍሮ በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርሁ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ በተቀጠረችበት ድርጅት «ያሉትን ደንበኞች ትይዣለሽ ወይስ አዲስ እየፈለግሽ ታመጫለሽ? ምረጪ» ተብላ ምክር ጠየቀችኝ። «ነባሮቹን ያዢ» አልኋት። ለምን እንዳልሁ ግን ሳስታውሰው ዛሬም ያንገበግበኛል።

አባቴ ዱር ገብቶ ስለነበር የምኖረው ከአክስቴ ከባንቺዓለም ጋር ነበር። አክስቴ ብቅል ነጋዴ ናት። ገብሱን ከገሳይ አገር ገበሬዎች ትገዛለች፣ እኛ እናበቅለዋለን፣ ጠላ ለሚጠምቁ ሴቶች ትሸጣለች። ጣሊያን ምሽጉን ሲሠራ በዙሪያው አዳዲስ ጠላ ቤቶች ተከፈቱ። ይኼን ጊዜ አክስቴ እኔንና ልጇን ውዴን ጠርታ ሥራውን ለሁለት ከፈለችው። አንዳችን ነባሮቹን ደንበኞች ትይዛለች፣ አንዳችን በምሽጉ መንገድ እየዞረች አዲስ ገዢ ታመጣለች።

«አንቺ አፍሽ ምላጭ ነው፤ አዲሱ ይሻልሻል» አለችኝ። «አዲስ ገዢ ላመጣችልኝ ጥበብ ቀሚስ አለ። አላስገድድሽም፣ እስከ ቅዳሜ አስቢበት።»

ቀሚሱ ልቤን ወስዶት ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ሁለት ገዢዎች አንድ ላይ መጡ። አንደኛዋ እመት የሺ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ አክስቴ ንግድ ከጀመረች ወዲህ ከሌላ ገዝተው አያውቁም። ሁለተኛዋ ምሽጉ አጠገብ ጠላ ቤት የከፈተች ሴት ናት፤ ያን ቀን ገና መምጣቷ ነው። አክስቴ ለአዲሷ ቁናውን እስኪፈስ ከመረችላት፤ በዚያ ላይ ምራቂ ብላ በሁለት እጇ ዘግና ጨመረችላት። ለእመት የሺ ግን ሞላችና አናቱን በመዳፏ ጠረገችው።

«ምነው ባንቺዓለም፣ የእኔ ምራቂ የት ሄደ?» አሉ እመት የሺ።

«አንቱማ ቤተኛ ነዎት። ቤተኛ ምራቂ ይጠይቃል?»

አዲሷ ገዢ ሳቀች። እኔ አልቻልሁም።

«እትዬ፣ ዋጋው አንድ ከሆነ ቁናውም አንድ ይሁን።»

«ዝም በይ!»

«ዝም አልልም። ቤተኛ ስለሆኑ ነው የሚጎድልባቸው?»

በጥፊ አጮለችኝ። ቁናውን ነጥቄ ለእመት የሺ እንደ አዲሷ አድርጌ ከመርሁላቸው። «ነባሮቹን መርጫለሁ» አልኋት። «የምሰፍርላቸው ግን እንዲህ ነው።»

«እንግዲያ ከቤቴ ውጭ ስፈሪ!» ብላ ቁናውን ገለበጠችው። ወደ እመት የሺ ዞረችና «አንቱም ይቺን ይዘው ይሂዱ። ለአንቱ የምሸጠው ብቅል የለኝም» አለቻቸው።

እመት የሺ ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ በከዘራቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አንቺ ምላሳም፣ ማን ጠበቃ አቆመሽ? ለማኅበሩ በምን ልጠምቅ ነው? በይ ቅደሚ! ብቅሉን ያሳጣሽኝ አንቺ ነሽ፣ አንቺው ታበቅያለሽ።»

አበቀልሁ። እቤታቸው ጓዳ ውስጥ፣ ነጋ ጠባ እየተቆጡኝ አበቀልሁ። ወሬውን የሰሙ ነባር ደንበኞች አንድ አንድ እያሉ ወደ እኛ መጡ። ለሁሉም እኩል ከመርሁ፣ ለሁሉም መረቅሁ። በምሽጉ መንገድ አንድ ቀንም አልዞርሁም።

ጣሊያን ሲወጣ እነዚያ የምሽጉ ጠላ ቤቶች ተዘጉ። አክስቴ ውዴን ላከችብኝ፤ «እናቴ ደንበኞቼን ትመልስልኝ ብላሻለች» አለችኝ።

«ደንበኛ በግ ነው እንዴ፣ ነድቼ የማመጣላት?» ብዬ መለስኋት።

አሁን አክስቴም እመት የሺም በሕይወት የሉም። የነፍስ አባቴ «ይቅር በያት፤ ሙት አይወቀስም» ይሉኛል። ጥፊውን ይቅር ብያታለሁ፤ ጥፊው የእኔ ነበር። የተጠረገው ቁና ግን የእመት የሺ ነው። የሰው ቁና ይቅር የምል እኔ ማን ነኝ?