ቀዩ ሞተርና የሚዛን ትከሻ

ሚዛን የሚሉት ባለአራት ጎማ ሞተር ላይ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ አንድም ቀን ተገልብጦ ስለማያውቅ ነው። ከከተማው ዳር፣ አሸዋና ኮረኮንች በበዛበት ሜዳ ላይ ሞተር የሚያከራዩ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ፀጉሩ እስኪሸብት ሠርቷል። ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። እትዬ አዲስ ሞተር ሊገዙ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚነዳው እሱ ነው። «ጥሩ ነው» ካለ ይገዛል፤ ከንፈሩን ካጣመመ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል።

የሜዳው ሞተሮች አርጅተው ስለነበር አንድ አስመጪ አዲስ የስፖርት ሞተር ለሙከራ ላከ። ቀይ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ጎማዎቹን ወደ ጎን ዘርጋ ያደረገ። እትዬም ከሁለት ተፎካካሪዎቹ፣ ከአንድ ሰማያዊና ከአንድ ጥቁር ጋር ጎን ለጎን እንዲፈተን ፈለጉ።

ሚዛን በሁለቱ ጀመረ። ወርዶም፣ «ሰማያዊው ጉብታ ላይ ወገብ አይነካም፤ ኩርባ ላይ ግን ለመዞር ሽማግሌ ይላክልኝ ይላል። ጥቁሩን ቀጥታ መንገድ ላይ የሚይዘው የለም፤ ፍሬን ሲይዙት ግን ኋላው ይወዛወዛል» አለ። የሜዳው መካኒክ ሳቀ፣ እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ቀዩ ላይ ወጣ። የነዳጅ መስጫውን በአውራ ጣቱ ገና ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ተስፈነጠረ። ፍሬኑ ሲይዙት ቀጥ ይላል፤ ጉብታ ላይ ደረቅ ቢልም ከመሬት አይለቅም፤ መሪው ደግሞ እጅ ያሰበውን ቀድሞ ያደርገዋል። ሁለተኛውን ኩርባ ሲጨርስ ሚዛን በልቡ «ይሄስ ሌላ ነው!» አለ። ግን እንዲህ ያለ ፈጣን መሪ ብርቱ ክንድ ይፈልጋል። የሚዛን ግራ ትከሻ ከታመመ ቆይቷል፤ ከሚስቱ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አሸዋው ሲጎትተው ትከሻው ከዳው። መሪው ከእጁ ሾለከ፤ ሞተሩም መስመሩን ስቶ ዳር ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ጋር ተላተመ።

አልወደቀም። ግን ሁሉም አይቷል።

«ምን ሆነ?» አሉ እትዬ እየሮጡ መጥተው።

«ኩርባ ላይ ከእጅ ያመልጣል» አለ ሚዛን፣ ሄልሜቱን እያወለቀ። «ጀማሪ ቢይዘው ጉድ ይፈላል።»

የአስመጪው ሻጭ ክው አለ። «እባክዎ እትዬ፣ አንድ ሌላ ሰው ይሞክረው።»

መካኒኩ ቦርጩን መታ መታ አድርጎ፣ «እኔን ከሚሸከም አሸዋ ቢጭን ይቀለዋል» አለ።

«እኔ ልንዳው?»

የሚዛን ልጅ ነበረች። የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ትነዳለች፤ ከሥራ ወጥታ አባቷን ልትወስድ መጥታ ነው። መንዳት የተማረችው እዚሁ ሜዳ ነው፤ አባቷ ግን ሁልጊዜ ዓይኑ ደንበኞቹ ላይ ነበር። እሷ ሄልሜት ስታጠልቅ እሱ የሰው ዓይን ሸሽቶ የፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ የተላተመውን ጎን የሚያይ መሰለ።

የመጀመሪያውን ዙር ቀስ ብላ ለመደችው፤ በሁለተኛው ለቀቀችው። ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ያዘች፤ ሰውነቷን ወደ ውስጥ አጋድላ በውጪው እግሯ ተጫነች። የኋላ ጎማዎቹ አሸዋውን ፈንጠቅ አድርገው ተከተሏት። አባቷን ያሸነፈውን ኩርባ እንደ ቤቷ በር አለፈችው። እትዬ «ውይ! ውይ!» እያሉ አጨበጨቡ።

ስትመለስ ዓይን ሁሉ ሚዛን ላይ ዐረፈ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «መሪው ለዘብ እንዲል የፊት ጎማዎቹን ትንሽ አስተንፍሼላት እኮ ነው» አለ።

«ሲያጎነብሱ አይቻለሁ!» አለ ሻጩ ነፍሱ መለስ ብሎለት። እትዬም «ልምድ ማለት ይሄ ነው!» ብለው ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

ልጅቷ ሄልሜቷን እንደታቀፈች አባቷን አየችው። አንድ ቃል ብትናገር ጉዱ ይወጣ ነበር።

«አዎ» አለች። «አባዬ ነው ያስተካከለልኝ።»

ብታጋልጠው ይሻለው ነበር። ጆሮው ድረስ ጋለ።

መኪናው ውስጥ ባዶዎቹ የዳቦ ሣጥኖች ከኋላ ይንኳኳሉ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ «ትከሻህ ነው አይደል?» አለችው።

«የምን ትከሻ?»

«ተው እንጂ አባዬ። እማዬ ሸሚዝ ስታለብስህ አይቻለሁ።» ማርሽ ቀየረች። «መታመምህ አይደለም የከፋኝ። ስነዳ እንድታየኝ ስንት ጊዜ ለምኜሃለሁ? ዛሬ አየኸኝ። አይተኸኝም ያንኑ ወሰድክብኝ።»

 ቤት ሲደርሱ ራት ቀረበ፤ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ብሎ ተነሣ። ያም ውሸት ነበር።

በማግሥቱ ወርክሾፑ ሲገባ መካኒኩ ቀዩ ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ላቡን ይጠርጋል። ጀማሪዎችን ከሚያሠለጥኑት ወጣቶች አንዱ ክርኑ ተልጦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እንዳሉት ጎማዎቹን አስተነፈስኩ» አለ መካኒኩ። «እንደ ሰካራም አደረገው፤ ይሄን ልጅም ጣለው። ምን ያህል እንደሚቀነስ ሳልጠይቅዎት ቀርቼ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሚዛን የተላጠውን ክርን አየ። 

«ያንተ አይደለም» አለ። «አየሩን አልነካሁትም። ሞተሩም ምንም አልሆነም፤ ትከሻዬ ነው። ልጄ የነዳችው እኔ የነዳሁትን ያንኑ ነው።»

መካኒኩ ቁልፉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አንድም ቀልድ አልመጣለትም። ለሚዛን ከስድብ የባሰበት ይህ ነበር።

«ለምን?» አሉ እትዬ።

«አፍሬ።»

«አሁንስ?»

«አሁን የባሰ።»

እትዬ አልጮኹም። ቀዩን ገዙ፤ የሞተር ሙከራውን ሥራ ለልጅቷ ሰጡ፤ እሱን ጀማሪ ወደሚሠለጥንበት ደልዳላ ሜዳ አዛወሩት። ክርኑ የተላጠውን አሠልጣኝ ይቅርታ ሲጠይቀው «ችግር የለም ጋሼ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምክር ጠይቆት አያውቅም።

ልጅቷ በዕረፍት ቀኗ እየመጣች ትነዳለች። አንድ ቀን እትዬ ከልምድ የተነሣ፣ «ሚዛን፣ ይሄኛውስ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «እሷን ይጠይቋት፤ የምታውቀው እሷ ናት» አለ። ልጅቷ ከማዶ ሰምታ እጇን አወዛወዘችለት። እሱም ሊመልስላት እጁን አነሣና ግማሽ ላይ ዓይኑን ሰብሮ፣ ጓንቷን አገላብጣ ላጠለቀች ጀማሪ ማስተካከል ጀመረ።