ስሱ ጫማ

በመኪና እሽቅድምድም ሜዳው ግቢ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ የሚከፍለው ጸሐፊ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ጋሽ ተረከዝ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ኩርባ ሲቃረብ በቀኝ እግሩ ጣቶች ፍሬኑን ይረግጥና፣ እግሩን ሳያነሳ ተረከዙን ዘወር አድርጎ ነዳጅ መስጫውን አንዴ ነካ ያደርገዋል። በዚያችው ቅጽበት ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ይዟል፣ እጁም ካምቢዮውን ከአራት ወደ ሦስት አውርዷል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጉርር ይላል፣ ማርሹ ይገባል፣ መኪናው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥላል። ያቺን አንዲት የተረከዝ ንክኪ ያጠፋ ሰው ፍሪሲዮኑን ሲለቅ የኋላ ጎማዎቹ ይያዛሉ። የኋላ ጎማው የተያዘበት መኪና ደግሞ ኩርባ ላይ ፊቱን ወደመጣበት ያዞራል።

ይህን ለሃያ ስድስት ዓመት አስተምሯል። ምላሱ እንደ እግሩ ልዝብ አይደለም። ፍሬኑን የሚደበድብ ተማሪ ሲገጥመው «ወንድሜ፣ ይሄ ፔዳል ነው እንጂ ሙቀጫ አይደለም!» ብሎ ይጮኻል። ካምቢዮውን የሚታገለውን «ፎሌ ላይ፣ ባዶው ማርሽ ላይ መልሰውና ትንሽ ተንፍስ፤ እሱም ነፍስ አለው» ይለዋል። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ የሚነግራት አንዲት ንግግር አለችው። «መኪና በእጅ የሚነዳ ይመስላችኋል። እጅማ አቅጣጫ ነው የሚናገረው። ወሬውን የሚያመጣው እግር ነው።» ወሬው በደንብ እንዲደርሰው ብሎ የቀኝ ጫማውን ሶል ጫማ ሰፊ ዘንድ እየወሰደ ያስፍቀዋል። የሙያው ሰዎች ሁሉ ስስ ጫማ ይወዳሉ፤ የሱ ግን ከሁሉም የሳሳ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሱ ባዳ እግሩ ሆነ። ስኳር ከያዘው ሰባት ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን በባዶ እግሩ ቆሞ ሳለ ካልሲ ያደረገ መሰለው። ሐኪሙ መረመረውና እቅጩን ነገረው። ወፍራም ጫማ አድርግ፤ እግርህን በየቀኑ የሚያይልህ ሰው ይኑር፤ ጣቶችህ ሲነኩ ካልተሰማህ መኪና መንዳት የለም። አጠገቡ ተቀምጣ የሰማችው ሚስቱ ናት፤ እሷ ደግሞ አንዴ የሰማችውን የምትረሳ ሴት አይደለችም።

እቤት እንደደረሱ አስማለችው። «አንድ ጣት የሳትክ ቀን የመኪናውን ቁልፍ ለኔ ታስረክባለህ። እኔው ራሴ ሜዳው ድረስ ወስጄ እመልስላቸዋለሁ።» በእናቱ አጥንት ማለላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከመጥረጊያው አንዲት ስንጥር ትመዛለች፣ እሱ ይጨፍናል፣ እሷ ከቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጀምራ ወደ ትንሿ ትነካካለች። እሱም እንደ ማርሽ ይቆጥራል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። «አምስት ማርሽ፣ አምስት ጣት፤ ሙሉ ጤነኛ መኪና!» ይላል ሲጨርስ። እሷ ትስቅና የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች።

ችግሩ ሚስቱ ሥርዓት ያላት መሆኗ ነው። ሁልጊዜ ከአውራ ጣት ትጀምራለች፤ በጣትና በጣት መካከል የምታሳልፈው ጊዜም በሰዓት የተለካ ይመስላል። ዕድሜውን ሙሉ ቅጽበት ሲያሰላ ለኖረ ሰው ይህን ማጥናት ምን ያቅተዋል? መጀመሪያ ትንሿ ጣት ዝም አለችው፣ ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው። ዘንድሮ አንዱም አይሰማውም። እሱ ግን ጨፍኖ ልክ በሰዓቱ ይቆጥራል። ቀን መቁጠሪያው በምልክት ተሞልቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሌላው ሰው ሲተርት ማንም አይቀድመውም።

ለምን ዋሸ ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ፈራ። ከዚያ ወንበር ሲወርድ ማን እንደሚሆን አያውቅም። ጡረታ የወጡ ጓደኞቹን አይቷቸዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የሰው መኪና ድምፅ ያዳምጣሉ። ስለዚህ ጠዋት በወፍራሙ ጫማ ከቤት ይወጣል፣ ሜዳው ሲደርስ በስሱ ይቀይረዋል። እግሩ በደነቆረ ቁጥር፣ ጥፋቱ የጫማው ይመስል፣ ሶሉን የባሰ ያስፍቃል።

«ጋሼ፣ ከዚህ ወዲያ ካሳሳሁት እኮ ካልሲ ሆነ ማለት ነው» አለው ባለፈው ጫማ ሰፊው።

«አንተ ፋቅ፤ የማደርገው እኔ ነኝ።»

ፋቀለት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተራው የጥርስ ሐኪሟ ነበር። በእረፍት ቀኗ መማር ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ እጇ ጥሩ ነው፣ እግሯ ግን ተረከዟን ለማዞር ይፈራል። «ዶክተር፣ እንግዲያው ተቀመጪና እዪ» አላትና መሪውን እሱ ያዘ። አንድ ዙር አሳያት፤ አማረለት። በሁለተኛው ዙር ቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ኩርባ ሲደርስ ፍሬኑን ያዘ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ወደ ሁለት አወረደ፣ ተረከዙንም አዞረ። ሞተሩ ግን አልጮኸም። ተረከዙ ነዳጅ መስጫውን የነካ መስሎት ነበር፤ የነካው ወለሉን ነው። ይህን ያወቀው ፍሪሲዮኑን ለቆ፣ የኋላ ጎማዎቹ ተይዘው፣ ሰማዩና አጥሩ ሁለቴ ከዞሩ በኋላ ነው። መኪናው አሸዋው ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ሁለቱም ምንም አልሆኑም።

«መንገዱ ላይ ዘይት አፍስሰውበታል» አለ። «ስንቴ ነገርኳቸው!»

እሷ መንገዱን አላየችም። ዓይኗ ፔዳሎቹ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ እግርዎ እየደማ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ወለሉ ላይ ደም አለ። ጫማውን ሲያወልቀው ካልሲው ከተረከዙ ጋር ተጣብቆ መጣ። በሳሳው ሶል በኩል ከነራሷ ያለፈች ሚስማር ሥጋው ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታለች። እሱ ጣቶቹ ብቻ የከዱት መስሎት ነበር። ለካ ስም ያወጣለት ተረከዝም ሄዷል።

«አሁን መኪናው ሲዞር ነው የወጋኝ» አለ።

«ካልሲው ላይ ያለው ደም ደርቋል እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ሲረግጧት ነው የቆዩት።» ሚስማሯን በመሐረብ ይዛ ነቀለችለት። እሱ ሲነቀል አየ እንጂ አልተሰማውም። «እኔ ድዱን ያደነዘዝኩት ሰው ጉንጩን ነክሶ እያደማው ይስቃል። እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ኋላ ይለቀው የለ?»

«የኔ መርፌ በሁለት ሰዓት ይለቃል። የእርስዎ አይለቅም ጋሼ።»

«ዶክተር፣ ይሄንን ለማንም አትንገሪብኝ፤ በልጆችሽ» አላት።

«እኔ አልናገርም። ግን ነገ ሌላ ሰው እኔ የተቀመጥኩበት ይቀመጣል። ለእሱስ ማን ይነግረዋል?»

መኪናውን ከአሸዋው ካወጡት በኋላ እሷ ነዳችው። በመመለሻው ኩርባ ላይ፣ ስለ እሱ እያሰበች መፍራቷን ረስታው ይሁን አይታወቅም፣ ተረከዟን አዞረች። ሞተሩ አንዴ ጉርር አለ፣ ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጮኾ ያጨበጭብላት ነበር። አሁን ቀናባት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በተማሪው ሲቀና የመጀመሪያው ነው፤ ቀንቶም አፈረ።

ማታ በፋሻ የታሰረውን እግር ይዞ ሲገባ ሚስቱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሚስማር ረገጥኩ፤ ነፍሴ እስክትወጣ ነው ያመመኝ!» አላት። የነቀለበትን ሰዓት፣ የጮኸውን ጩኸት ሳይቀር ተረከላት። እሷ አዳመጠችው። ሳይቀይረው መጥቶ ወንበሩ ሥር ያስቀመጠውን ስስ ጫማ አነሳች፣ ሶሉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ሚስማሯ የገባችበትን ቀዳዳና ዙሪያውን የደረቀውን ደም አየች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ጠዋት እንደወትሮው አነስተኛዋ ዱካ ላይ ተቀመጠች። እግሩን ጉልበቷ ላይ አደረገላት።

«ጨፍን» አለችው።

ጨፈነ። ትንፋሿን አዳመጠ፤ ልኩን ጠበቀ።

«አንደኛ» አለ። ቆየት ብሎም «ሁለተኛ።» ድምፁ ልበ ሙሉ ነበር። «ሦስተኛ። አራተኛ።» አምስተኛዋ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ፈገግ አለ። «አምስተኛ! አምስት ማርሽ፣ አምስት ጣት…»

ሳቋን ጠበቀ። እርሳሷ ቀን መቁጠሪያው ላይ የምታሰማትን ድምፅ ጠበቀ። ሁለቱም አልመጡም፤ ዓይኑን ገለጠ።

ስንጥሯ መስኮቱ ላይ ናት፤ ማንም አላነሳትም። የሚስቱ ሁለት እጆች አምስቱንም ጣቶች አንድ ላይ አጥብቀው ጨብጠዋል፤ ጥፍሮቿ ሥጋው ውስጥ ሰምጠዋል። እንባዋ እግሩ ላይ ይወርዳል።

«ከጨፈንክ ጀምሮ ጨብጬሃለሁ» አለች። «ስንት ጊዜህ ነው? ስንት ወር ነው እንዲህ የቆጠርክብኝ?»

ቀን መቁጠሪያውን ቀና ብሎ አየው፤ የእርሳስ ምልክቶቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። እጁን ወደ ኮት ኪሱ ሰደደና ቁልፉን አወጣ።

እሷ ለመቀበል አንድ እጇን ከእግሩ ላይ አነሳች። ማንሳቷንም ያወቀው ሲያያት ነው።