ወድቋል የተባለው ግንባታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ከቤሌ ከተማ ወደ ሶዶ የተመለስኩበትን ያንን ጠዋት ግን አልረሳሁትም። እኔ የጻፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር በማላውቃቸው እናት እጅ ላይ ስላገኘሁት ይመስለኛል።

የምሠራው ወላይታ ሶዶ ውስጥ ነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን ፕሮግራም እንሠራለን። ልጆቻቸውን የሚያስከትቡ እናቶች ቀጠሯቸው ሲደርስ በስልካቸው መልእክት ይልክላቸዋል። መጀመሪያ አካባቢ ሥራችን አድካሚ ነበር። ሁላችንም በየላፕቶፓችን ኮድ እንጽፋለን፣ አንዳችን የሌላውን እናበላሻለን፣ መበላሸቱን የምናውቀው ደግሞ ጤና ጣቢያው ደውሎ ሲቆጣን ነው።

በኋላ ማርቆስ የሚባለው ባልደረባዬ መላ አመጣ። ኮዳችንን ሁሉ በአንድ የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ አስቀመጥን፤ ማከማቻውን ደግሞ ፕሮግራሙ ከሚሠራበት ሰርቨር ጋር አገናኘነው። ከዚያ ወዲህ አንዳችን አዲስ ኮድ ስንልክ ሲስተሙ ራሱ ይፈትነዋል። ካለፈ ሰርቨሩ ላይ ይጭነዋል፤ ከወደቀ አያሳልፈውም። ኢንተርኔት ቶሎ ቶሎ ስለሚቆራረጥ፣ ኮዱ ሲወድቅና ሲስተካከል ለሦስታችንም በኤስኤምኤስ እንዲነግረን አደረግን።

የመልእክቱን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮዱ ተገጣጥሞ ፕሮግራም ሲሆን በሙያችን «ቢልድ» ይባላል። እኔ አማርኛው ደስ ስላለኝ «ግንባታ» አልኩት። ሰርቨራችንን ደግሞ «ሶዶ» ብለን ነው የምንጠራው። ስለዚህ መልእክቱ «ሶዶ፦ ግንባታው ወድቋል። ቶሎ ይመልከቱ» የሚል ሆነ። ለእኛ ለሦስታችን ግልጽ ነበር።

ወደ ቤሌ የሄድኩት የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን ፕሮግራሙን ላለማምዳቸው ነው። እዚያው አድሬ ጠዋት ወደ ሶዶ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ እናቴን የሚያክሉ ሴት ተቀመጡ። ምንም ዕቃ አልያዙም። ነጠላቸውን እንኳ በወጉ አላጣፉትም፤ ሥራቸውን ጥለው የወጡ ይመስላሉ። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ያወርዳሉ፣ መልሰው ይደውላሉ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። ከወላይትኛ ጋር በተቀላቀለ አማርኛ፣ ማንበብ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኳቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቡልኝ።

«ጎረቤቴ አንብባልኛለች። ተሳስታ እንደሆነ ብዬ ነው። አንቺ ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉ።

አየሁት። «ሶዶ፦ ግንባታው ወድቋል። ቶሎ ይመልከቱ» ይላል።

ክው አልኩ። ቃል በቃል አነበብኩላቸውና ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። እሳቸው ግን ድንጋጤዬን በሌላ ተረጎሙት። አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው ጳውሎስ ግንበኛ እንደሆነ፣ ሶዶ ውስጥ ፎቅ በሚሠራበት ቦታ እንደተቀጠረ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቢደውሉለት ስልኩ እንደማይሠራ ነገሩኝ። ባላቸው ማሳ ስለነበሩ ሳይነግሯቸው ነው የወጡት።

ስልክ ቁጥራቸውን ጠየቅኳቸው። በቃላቸው አያውቁትም፤ ስልኩ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ሲስተሙን ስንዘረጋ ከሦስታችን አንዱ የነበረው፣ ሄኖክ የሚባለው የድሮ ባልደረባችን ቁጥር ነበር። ሄኖክ ሥራ ለቅቆ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል። ሲሄድ ቁጥሩን ትቶታል፤ እኛም በቦታው ሌላ ሰው ስንተካ ከመልእክቱ ዝርዝር አላወጣነውም፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት ሲቀር ለሌላ ሰው ተሽጧል። እሳቸው ሲም ካርዱን ያወጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮዳችን ወድቆ ስለማያውቅ ይህ የመጀመሪያው መልእክት ነበር።

«እማማ፣ የወደቀ ፎቅ የለም» አልኳቸው። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለእርስዎ የተላከ አይደለም።»

ስልኩን ከእጄ ወስደው ለጳውሎስ መልሰው ደወሉ። ሊያጽናናቸው የሚዋሽ ሰው አድርገው እንደቆጠሩኝ ገባኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ሶዶ ስለሆነ ወላይትኛ አያቅተኝም። ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀልኩ የወደቀው ድንጋይና ሲሚንቶ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ነገር እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ጽሑፍ እንዴት ይወድቃል?»

«እንደ ተማሪ ነው እማማ። ተማሪ ፈተና ይወድቅ የለ?»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ግንባታ ለምን አላችሁት?» አሉኝ።

ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ማርቆስ ጋ ደወልኩ። ጠዋት የላከው ኮድ መውደቁን፣ አሁን እያስተካከለው መሆኑን ነገረኝ። ያለሁበትን ሁኔታ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ የማን ቁጥር እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌላ መልእክት ከመላኩ በፊት ቁጥሩን እንዲያወጣው ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ኮዱን እንዳስተካከለ ቁጥሩን ሳያጠፋ እንዲልከው ለመንኩት። መልእክቱ በእኚህ ሴት ስልክ ላይ ሲገባ እኔም አብሬ እንድሆን ፈለግሁ።

ኔትወርኩ ጠፋ፣ መጣ። ሶዶ ልንገባ ስንል ስልካቸው ጮኸ። ሳይከፍቱት ለእኔ ሰጡኝ። «ሶዶ፦ ግንባታው ተስተካክሏል» ይላል። አነበብኩላቸው። የኔን ስልክም አወጣሁ፤ ያው መልእክት እኔም ጋ ደርሷል፤ በኔትወርክ ዘግይቶ የነበረው የጠዋቱም አብሮ ገብቷል። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው። ፊደሉን ባያነቡትም መስመሩን ከመስመሩ እያስተያዩ ቆዩ።

«የወደቀ ፎቅ ባንድ ጠዋት አይነሳም» አሉ በመጨረሻ። «እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ጳውሎስን ሳላይ ልቤ አያርፍም።»

እውነቱን ለመናገር የኔም ልብ አላረፈም። መልእክቱ የኛ መሆኑን አውቃለሁ። የልጁ ስልክ ለምን እንደማይሠራ ግን አላውቅም። የግንባታ ሥራ ደግሞ አደጋ ያለበት ሥራ ነው። እኚህን ሴት አይዞዎት ብዬ መናኸሪያ ላይ ትቼ ብሄድ፣ እዚያ ሲደርሱ አንድ ነገር ቢያገኙስ? አብሬዎት ልሂድ ስላቸው እምቢ አላሉም።

ባጃጅ ይዘን ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በኩል ሄድን። የሚያውቁት የባለ ሕንጻውን ስምና አጠገቡ የእንጨት መሸጫ መኖሩን ብቻ ነው። የባጃጁ ሾፌር ግን አላጣውም። ስንደርስ ፎቁ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቦ ቆሟል። ወይዘሮ አማረች፣ ስማቸው እንዲህ ነው፣ ከባጃጁ ወርደው ቀና ብለው አዩት። ከላይ እስከ ታች። ከዚያ የቆርቆሮውን አጥር ይዘው ቆሙ።

የምሳ ሰዓት ስለነበር ሠራተኞቹ ጥላው ሥር ተቀምጠው ድንች መሳዩን የተቀቀለ ቦዬ እየበሉ ያወራሉ። አንዱን ጠርቼ ጳውሎስን ልጠይቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተይው፣ አትጥሪው። ያውና፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገው። ትንሽ ልየው።»

ልጁ ጀርባውን ሰጥቶናል። ሸሚዙ በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል። የሆነ ነገር ሲያወራ ጓደኞቹ ይስቃሉ። እናቱ ከአጥሩ ጋር ተደግፈው ያዩታል። እንባቸው ይወርዳል፤ ግን አልጠረጉትም። እኔ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

በመጨረሻ ከጓደኞቹ አንዱ አየንና ነገረው። ልጁ ዞሮ እናቱን ሲያይ የጎረሰው አፉ ውስጥ ቀረ። እየሮጠ መጣ። አባቱ ምን እንደሆኑ፣ ቤት ምን እንደደረሰ በወላይትኛ አከታትሎ ጠየቀ። አሁን ደግሞ የፈራው እሱ ነበር። ስልኩ ከትናንት ጀምሮ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ ኖሯል፤ መብራት ስላልነበረ ቻርጅ አላደረገውም።

ወይዘሮ አማረች ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ሁሉም ደህና ነው። ናፍቀኸኝ ነው የመጣሁት» አሉት።

«ስልክ እንኳ ሳትደውይ?»

«ስልክ ምን ያደርጋል? ላይህ ነው የመጣሁት።»

እኔን አየ። ማን እንደሆንኩ ጠየቃቸው። ጥፋቴን ራሴ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። መንገድ ያገኘኋት ጥሩ ልጅ ናት፣ ቦታው ቢጠፋኝ አድርሳኝ ነው አሉት። ልጁ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠኝ፤ አመሰገነኝም። አንገቴን ደፋሁ።

ልሰናበታቸው ስል ወደ ጎን ወስጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ያለ መልእክት ዳግም እንደማይደርሳቸውም ነገርኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ባትልኪው ኖሮ እስከ አዲስ ዓመታችን፣ እስከ ጊፋታ አላየውም ነበር» አሉኝ።

ቢሮ ስደርስ ማርቆስ የሄኖክን ቁጥር አጥፍቶ ጠበቀኝ። የመልእክቱን ቃልም አብረን ቀየርነው። አሁን «ኮዱ ፈተናውን አላለፈም» ነው የሚለው። ሲስተሙ ሥራውን እንደ ድሮው ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ኮዳችን ስንት ጊዜ እንደወደቀ አላስታውስም።

እኔ ግን ለእናቶች የሚላከውን የቀጠሮ መልእክት በጻፍኩ ቁጥር ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ማርቆስ ይስቅብኛል። ስለዚያ ቀን ሳስብ ድንጋጤው ብዙም አይታወሰኝም። ከልጃቸው ጋር ቦዬ እየበሉ ትቻቸው ስሄድ ዞሬ ሳያቸው የነበሩበት ሁኔታ ነው የሚታየኝ። ልጁ ኮፍያውን አውልቆ ከሥራቸው አንጥፎላቸው፣ እሳቸው እዚያ ላይ ተቀምጠው ከፀጉሩ ላይ ሲሚንቶውን ያራግፉለት ነበር።